የሁሉም ቤት ጨው

ካህናት አባቶቼ፣ ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ፣ የጎሬ ሰዎች፣ ከመቱና ከኡካ ጭቃውን እየረገጣችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዜር ያክብራችሁ። እኔ ገብረ ሥላሴ ነኝ፤ ከሟቹ ከደርበው ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ያስተማርኩ። ለቅሶውን ለጊዜው ግቱልኝ። የምናገረው የሚያስለቅስ አይደለም፣ የሚያናድድ ነው።

ደርበውን ማን ገደለው?

ሐሙስ ለት ገበያ መሃል ራሱን በዱላ ፈለጡት። ሲወድቅ ጥርሱን ረገጡት። ከፈረንሳይ አገር ያመጣትን፣ ብርሃንን በየቀለሙ የምትለይ ባለሦስት ማዕዘን መስታወት በድንጋይ አደቀቋት፤ ስብርባሪዋን ጨብጦ ነው የሞተው። መተተኛ ነው አሉ! ከየቤታችን ጨው ለቅሞ እሳት ላይ ይጥላል፣ ስማችንን እየጠራ ያሳርረናል አሉ!

አዎ፣ ጨው ለቅሟል። እትዬ ሮማነወርቅ፣ ከርስዎም ቤት ቁንጥር ወስዷል። አይተውታል አይደል? እርስዎ የሸጡለትን ካቲካላ ሳይቀምስ ያነደዋል። «ምነው ልጄ፣ ሰው የሚጠጣውን ታቃጥላለህ?» ብለው ሳቁበት። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ጨው ጣል ሲያደርግበት ቢጫ ይሆናል። በመስታወቱ ሲያዩት ቢጫ መስመር፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። የርስዎም ጨው እንደዚያ፣ የገዢውም እንደዚያ፣ የጭሰኛውም እንደዚያ። «አቶሙ አንድ ነው እትዬ፣ የማንም ቤት አቶም ከማንም አይበልጥም» አለዎት።

ይኸ ነው መተቱ?

ክፍል ውስጥስ? ሰሌዳው ላይ ደረጃ ሣለ። አቶም ውስጥ ያለችው ኤሌክትሮን ካንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ትዘላለች፣ ስትወርድ ያንን ብርሃን ትለቃለች፣ በመካከል ግን መቆሚያ የላትም አለ። ተማሪዎቹ «ታዲያ በየት አለፈች?» ብለው አፋጠጡት። ጠመኔውን ወርውሮ «እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው!» አላቸው። ባገራችን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ለሚገቡት ብሎ ይኸንን በአማርኛ ይጽፍ ነበር። አቶሞች ተጣምረው እንዴት ሞለኪውል እንደሚሆኑ የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደብተሩን እዚያው ገበያ ላይ ቀደዱት።

ወንድይራድ፣ የደርበው ወንድም፣ ጠመንጃህን አይቼዋለሁ። ዱላውን ያሳረፈው አምባዬ ነው፤ ኡካ ተሸሽጓል፤ ከቀብሩ እንደተመለስክ ልትገድለው ምለሃል። ቆይ! እናትህ እትዬ ወለተ ማርያምም ይስሙኝ። አምባዬ ይኸን የመተት ወሬ ከማን ሰማው?

ከኔ።

ደርበው የኔንም በር አንኳክቶ ነበር። ጨው ከለከልኩት። ቀንቼበት ነው፤ ተማሪዎቹ ከኔ ክፍል እየወጡ ወደሱ ይሮጡ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አምባዬን «ከየቤቱ ጨው ለቅሞ እሳት ላይ የሚጥል ሰው ምን ይባላል?» አልኩት። ያልኩት ይኸንኑ ብቻ ነው። ሐሙስ ዱላ ሆነ። ምላሴን ይቁረጠው!

አምባዬ ገድሏል፣ ይጠየቃል። ሽማግሌዎች ለደም እርቅ፣ ለጉማ ሲቀመጡ ግን ከሱ ጎን እኔም እቀመጣለሁ።

ደርበው፣ ወንድሜ፣ ይኸው የቤቴን ጨው አመጣሁልህ፤ ሳጥንህ ላይ በትኜዋለሁ። ዘገየሁብህ። አፈሩን ገለባ ያድርግልህ።

ወንድይራድ፣ ጨርሻለሁ። ኡካ ሩቅ ነው፤ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።