በማገዶ ጎተራው ስለሞተው ታላቅ ወንድሜ

የምስክሩ መጠሪያ፦ ፊውዝ (የመታወቂያ ስሙ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 34 ዓመት
ሥራ፦ በማገዶ የሚሠራው የመብራት ጣቢያ ማሽን ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ከጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ፣ የቤት ቁጥር 4
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት፣ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን

ቃሌን ለመስጠት የቀረብኩት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። በጣቢያው ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጣቢያው ከጫካው የሚመጣውን ቅርንጫፍና ከእንጨት መሰንጠቂያው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ከትፎ እያነደደ ለመንደራችን መብራት ይሰጣል። ቀድሞ በናፍጣ ጀነሬተር ነበር የምንጠቀመው። ዝናብ መንገዱን በቆረጠው ቁጥር ናፍጣ የጫነው መኪና ስለማይደርስ ሳምንታት በጨለማ እንቀመጥ ነበር። ጫካው ግን ደጃችን ላይ ነው፤ በተቆረጠው ምትክም ይተከላል።

ሟች የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። የማገዶ ክፍሉ ኃላፊ ሲሆን እኔንም ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ሃያ ዓመት በሞተር መጋዝ ስለሠራ ጆሮው ደክሞ ነበር። ስናናግረው እንጮህበታለን፤ እሱም "ምን ያስጮኽሃል፣ ደንቆሮ መሰልኩህ እንዴ?" እያለ ያስቀን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላላባራ ማገዶው እርጥብ ነበር። እሳቱ ጉልበት አጥቶ መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያው ነርስ ደወለችልኝ። በዋዜማው የተወለደ ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት በኦክስጅን ማሽን ላይ መሆኑን ነግራኝ "የሰው ነፍስ በእጅህ ነው፣ እንዳታጠፋብኝ" አለችኝ። ወፍጮ ቤቱን አቋረጥኩ፤ ቢሮውንም አጠፋሁ። አልበቃም። በመጨረሻ የማገዶ ጎተራውን አየር ማስወጫ ፋን አጠፋሁት። ያጠፋሁት በራሴ እጅ ነው፤ ያዘዘኝ ሰው የለም።

ስለ ጎተራው ተጠይቄ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ፣ አንድ ጠባብ በር ያለው የሲሚንቶ ክፍል መሆኑን እገልጻለሁ። እርጥብ ማገዶ ተከምሮ ሲቆይ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ፋኑ ሳይሠራ ማንም እንዳይገባ በሥልጠና ተነግሮናል። ፋኑን ሳጠፋ ወንድሜ እንጨት ሊያስጭን ጫካ ወርዶ ነበር። ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ደግሞም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ፋኑ ግን ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ጠፍቶ ቆየ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከማሽን ክፍሉ መስኮት ስመለከት የጎተራው በር ተከፍቷል። ወንድሜ ተመልሶ፣ ማገዶው ተጣብቆ ወደ ምድጃው አልወርድ ማለቱን አይቶ፣ ሳያገኘኝ አካፋ ይዞ ገብቷል። ሌላ ሰው ቢሆን የፋኑ ድምፅ አለመኖሩን ያውቅ ነበር። ፋኑን መልሼ አስነስቼ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። "ጋሼ! ጋሼ ውጣ!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ወደቀ።

ልገባ ስል፣ መብራቱ መቼ እንደሚለቀቅለት ሊጠይቀኝ የመጣው ባለወፍጮ ወገቤን አንቆ ያዘኝ። "ልቀቀኝ!" ስለው "ሁለት ሬሳ ልታሸክመን ነው?" አለኝ። ታገልኩት፣ ነከስኩትም፤ አልለቀቀኝም። በገመድና በእንጨት መጎተቻ ሜንጦ ስናወጣው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር። ነርሷ ተጠርታ መጥታ ደረቱን እየተጫነች ብዙ ደከመች። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ እጇን አነሳች። ሕፃኑ ተርፏል።

ረቡዕ ጠዋት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ለቅሶ ቤት መጥቶ ለብቻዬ ወሰደኝና "ፋኑ ተበላሽቶ ነበር በል። አንተ ከታሰርክ ጣቢያው ይዘጋል፤ ይዘጋና ያ ሕፃን በምን ይተነፍሳል?" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያለውም ሐሰት አይደለም። ፋኑ ግን ደህና ነው። ሄዳችሁ ብታስነሱት ይዞራል።

ሟች ከመውደቁ በፊት የተናገረው ነገር ካለ ተጠይቄ ውሃ ስጡኝ አልኩ። ተሰጥቶኝ ጠጣሁ። ተናግሯል። በሩ ከጀርባው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ብርሃን እየገባ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "በሩ የት አለ? በሩን አሳዩኝ" ብሏል። አራት እርምጃ ብንራራቅ ነው። ሚስቱ ስትጠይቀኝ ግን "ምንም አላለም፣ ወዲያው ነው ያረፈው" ብያታለሁ። ይህ ቃል በችሎት የሚነበብ ከሆነ እሷ በሌለችበት እንዲነበብልኝ ለመንኩ። መርማሪው ለዚህ ቃል ሊገባልኝ እንደማይችል ነገረኝ። ወንድሜ ያለውን ከመዝገቡ ልሰርዘው ወይ ብሎም ጠየቀኝ። አይሰረዝ ብያለሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እንደተናገርኩት ነው፣ እውነት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ፈርሟል)