የጋሽ አትነቃነቁ ዲስክ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረጃውን ስወርድ ጎረቤቴን ፎቶ አንሺውን አገኘኋቸው። የኮምፒውተራቸውን ሳጥን እንደታመመ ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያለከልካሉ። ሰፈሩ «ጋሽ አትነቃነቁ» ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ካሜራቸው ፊት በተቀመጠ ቁጥር የሚሏት ቃል ናት።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ትናንት ጠፋ፣ መምህር። ብነካው ብነካው አልነሳም አለኝ። የእህቴ ልጅ አዲስ ኮምፒውተር ገጣጥማለች፤ ‹ዲስኩን ነቅዬ እዚያ ላስገባው› ትላለች። ነቅዬ! ጥርስ መሰላት እንዴ?»

መሳቅ ሲገባኝ የሳጥኑን ብርድ ልብስ አጠበቅኩ። የሟች እናቴ አንዲት ፎቶ የቀረችው እዚያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀቱን ቤት ስቀይር ጣልኩት፤ ፊልሙንም እሳቸው ቤት የገባ ውሃ አበላሽቶታል። ሳጥኑን በአንድ በኩል ይዤ ልጅቱ ዘንድ ተከትያቸው ሄድኩ።

የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። አዲሱን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አጋድማ፣ ብሎኖቹን ክዳን ላይ አጠራቅማ ትጠብቀን ነበር።

«አጎቴ፣ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት? አንድ ትርፍ ኮፒ ይኑርዎት አላልኩም?»

«ኮፒ አትበይኝ! ከፎቶ ላይ ፎቶ ሲነሳ ይደበዝዛል። ከዚያ ላይ ሌላ ሲነሳ ዐይንና አፍንጫው አይለይም። እኔ በዚህ ሙያ አርጅቻለሁ። የሰው ፊት ደግሞ አደራ ነው፤ ከቤቴ አይወጣም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፤ ፍርሃት ግን ዲግሪ አይጠይቅም።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ሰሌዳ ላይ ሰባት ቢጽፉና ተማሪዎቹ አንዱ ካንዱ ቢገለብጡ፣ የመጨረሻው ልጅ ደብተር ላይ ስድስት ተኩል ይሆናል?»

«ኧረ ሰባት ነው!»

«እዚህ ውስጥ ያለው ፎቶ ቁጥር ነው፣ አጎቴ። ቁጥር በትክክል ከተገለበጠ አይደበዝዝም። ሳጥኑ ሞተ ማለትም ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። ቤቱ ቢያረጅ ሰውየው በበር ይወጣል።»

«ካልተደረመሰበት!» አሉ ጋሽ አትነቃነቁ።

የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለች፤ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትታ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጠውን ዲስክ አወጣች። ጋሼ «አትነቃነቅ… አትነቃነቅ…» እያሉ በሹክሹክታ ይለምኑታል። አዲሱ ሳጥን ውስጥ አሰረችው፣ ሁለት ገመድ ሰካችለትና አበራችው።

እስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ዲስክ አልተሰናዳም። አሁን ይሰናዳ?» ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ።

ጋሽ አትነቃነቁ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ማሽንን እንኳ እምቢ ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ኮምፒውተር ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አዎ ነው። «ይሰናዳ እንጂ!» ብለው እጃቸውን ወደ ማውሱ ሰደዱ።

«አጎቴ፣ አይነቃነቁ!»

እጃቸውን ለቀም አደረገችው። «ይሰናዳ ማለት ይጠረግ ማለት ነው! ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ባዶ መስሎታል። አዎ ቢሉት ኖሮ…»

ጋሼ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እሷ ጽሑፉን ቃል በቃል ሁለቴ አንብባ «አይ»ን ነካች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጠፋችው።

«አንቺም ትፈሪያለሽ?» አሏት።

«እንዴት አልፈራ? ስለምፈራ ነው አንብቤ የምነካው።»

ገመዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አንደኛው በደንብ አልገባም ነበር። አጥብቃ ሰክታ እንደገና ስታበራው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየዓመተ ምሕረቱ ተደርድሮ መጣ። እናቴም መጣች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ቶሎ ጨርሱ» በሚል ዐይን። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ከሳጥኑ ውስጥ ግን ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ሰሙት? ደክሟል፣» አለች። «ዛሬ ካልተገለበጠ ነገ ላይነሳ ይችላል።»

ጋሼ ድምፁን ቆመው አዳመጡ። «የፈሩት ይደርሳል አሉ፣» ብለው ቁጭ አሉ። «በይ ልጄ፣ ያንን ሰባትሽን ገልብጪው።»

ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ዲስክ መገልበጡ እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። ቀጭ ባለ ቁጥር ሦስታችንም እንተያያለን። ሲያልቅ ጋሼ ማጉሊያ መነጽራቸውን አውጥተው የእናቴን ፎቶ ከዋናውና ከግልባጩ አስተያዩ፤ የአንገትጌዋን ስፌት ሳይቀር ቆጠሩ። «አልደበዘዘችም፣» አሉ ቀስ ብለው። ልጅቱ ወዲያው ሌላ ትንሽ ዲስክ ላይ ደግማ ገለበጠችው።

ረቡዕ ዕለት አሮጌው ዲስክ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ሐሙስ ጋሼ በሬን አንኳኩ፤ ትንሹን ዲስክ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። «እሳት ቢነሳ የእኔን ቤት ነው የሚበላው። ይቺ እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ።» የሰው ፊት ከቤታቸው አውጥተው የማያውቁት ሰውዬ!

አንባቢዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አዲስ ኮምፒውተር ያረጀ ዲስክን አያድሰውም፤ ዕቃህን ስታዛውር መጀመሪያ ገልብጥ፣ የገለበጥከውን ከፍተህ እይ፣ አንዱን ከቤትህ ውጭ አኑር፣ ያላነበብከውንም አዎ አትበል። ይህን ያደረገ ሰው ሳጥኑ ቢሞት አያለቅስም። እንዲህ ያለውን ምክር ለጋሼም በር ላይ አቁሜ በሰፊው ሰጠኋቸው።

በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና ሊወርዱ ሲሉ ዞር አሉ። «ለመሆኑ መምህር፣ የልጆችዎ ፎቶ የት የት ነው ያለው?»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። እሱ ላይ ብቻ ነበር። ጫማዬን አድርጌ፣ ላስገለብጥ ተከትያቸው ወረድኩ።