የግመል ቃጭል ያሰረች ብስክሌት

ክረምት ነው። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ባለሱቅና አንድ መምህር ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ዛሬ በታክሲ? ጠዋት ጠዋት በሱቄ በር የሚያልፉባት ብስክሌትስ?»

«ቤት አሳረፍኳት፣ እትዬ።»

«ጭቃው ጣለዎት እንዴ?»

«ጭቃውንስ ለምጄዋለሁ፤ የፈራሁት ጉሙን ነው። ባለፈው ከአህያ ጋሪ ጋር ልንላተም ለትንሽ ተረፍን። ደወሏ ደግሞ ዝናብ ገብቶበት ዝም ብሏል።»

«ሌላ ደወል አይገዙም ታዲያ?»

«ጎረቤቴ ግመል አርቢ ነው። መንጋውን ከፊት የምትመራውን ግመል ሸጦ የእንጨት ቃጭሏ ቤት ተቀምጦ ነበር። ለመንኩት፣ ሰጠኝ፤ ብስክሌቷ ላይ አሰርኩት።»

«ሠራ?»

«እንዴት አይሠራ! ሰዉም ጋሪውም ገና ከሩቅ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር።»

«ጎሽ! ታዲያ ምን ሆነው ተዉአት?»

«ትናንት ትምህርት ቤት ደርሼ ስወርድ ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ዞር ብል የጎረቤቴ ግመሎች በሙሉ ተከትለውኝ ግቢ ገብተዋል።»

«ወላሂ? ታዲያ እንዲህ ታጅቦ የሚሄድን ሰው የትኛው መኪና ይገጨዋል?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ጎረቤቴ ግን ቃጭሌን መልስ አለኝ። ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ግመሎቹን እዚሁ መንገድ ዳር አሰማርቷል፣ ሳልፍ አቀብለዋለሁ።»

ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ከመምህሩ ቦርሳ ቃጭሉ ቋ ቋ አለ፤ እኔም ቀስ ብዬ ዞሬ በኋላው መስታወት አየሁ።