ጨረር የገባባቸው እናት

ከነፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በምትሄደው ሚኒባስ አጠገቤ አንዲት አዛውንት ተቀምጠዋል። ከፊታችን ያለችው ወጣት እናት ነጠላዋን ልታስተካክል ሕፃኗን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

“እማማ፣ አንዴ ይያዙልኝ።”

“አልይዘውም፣ ልጄ።”

“ምነው? አይናከስም እኮ!”

“የማስፈራውስ እኔው ነኝ። ለማሕፀን ካንሰር ብለው ጨረር በውስጤ አስገብተውብኛል። እሑድ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፤ እሱንም አላቅፍም ብያለሁ።”

“እኔ ነርስ ነኝ” አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። “ያስገቡትን መሣሪያ መልሰው አወጡት?”

“ያኔውኑ ነዋ።”

“ታዲያ ጧፉን ከቤት ካወጡት ብርሃኑ ይቀራል?”

“የት ይቀራል!”

“ጨረሩም አብሮ ወጥቷል። ውስጥ የሚተውት ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ቢሆን ሕፃን አይቀፉ ይሉዎት ነበር።”

“እነሱስ እንደ ልብዎ ይሁኑ ነው ያሉኝ። እኔው ነኝ ራሴን የገዘትሁ።”

“ይፍቱታ! የሕክምና ተመራማሪዎች እኮ ጨረሩ ከዕጢው አልፎ ጤነኛ ገላዎን እንኳ እንዳይነካ ነው የሚደክሙት፤ እርስዎ ጎረቤት ድረስ ያደርሱታል።”

አዛውንቷ ሳቁ። “በይ አምጪው፣ አንቺ።”

“አሁንማ ተኛ፣ እማማ።”

“ተኝቶም ቢሆን አምጪው።”

ጨረር ሲሉ ሰምቼ በእሳቸውና በእኔ መካከል ያኖርሁትን ቦርሳ ቀስ ብዬ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።