ለአዱኬ የጸለይንላት እሁድ

እናቴ አሜሪካ፣ እኔ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች ወዲህ ናይጄሪያዊቷ ጎረቤታችን ቤት እየሄደች የዮሩባ ፊልም ታያለች። ቋንቋውን አትሰማም፤ ለቅሶው ግን ይገባታል። አንድ እሁድ ቸርች ውስጥ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል ብድግ አለች። «አዱኬ የምትባል ልጅ አለች። አማቷ መተት አሠራችባትና ባሏ ከነሕፃኗ በዝናብ አባረራት» ብላ እንባዋን ጠረገች። ጉባኤው አብሯት አለቀሰ። እኔም የጎረቤታችን ዘመድ መስላኝ ከልቤ ጸለይኩላት።

ስንወጣ ፓስተራችን ፓርኪንጉ ላይ ደረሱብን። «እማማ፣ ልጅቷን ሄደን እናጽናናት እንጂ። የት ነው የምትኖረው?»

«ጎረቤቴ ቤት፣ ቲቪው ውስጥ» አለቻቸው እናቴ፣ ኮስተር ብላ።

ፓስተሩ አድራሻ ሊይዙበት ያወጡትን ስልክ ቀስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ ሳቄን አፈነዳሁት። «እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ፊልም መሆኑን መች አጣሁት? ልጅቷ ግን ከእኛ ሌላ ማን አላት?» ብላ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ።

በሳምንቱ ከሥራ ስገባ በር ላይ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። «ክፍል ሁለትን አየነው። አማቷ መተት ማሠራቷን ለፈለፈች፤ ባሏም ተንበርክኮ ወደ ቤቷ መለሳት። በይ አሁን ለፓስተሩ ደውዪላቸው፤ እሁድ ምስክርነት አለኝ።»