የጃኖ ክኒን

ደብረ ማርቆስ፣ በፍልሰታ ጾም አንድ ዝናባማ ረፋድ፤ ልጃቸው ይበልጣል በቅርቡ በመኪና አደጋ የሞተባቸው አቶ ደምለው ለቅዳሴ ሊወጡ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ የልጃቸው ሚስት ማስተዋል የውሻውን መድኃኒት በፌስታል አንጠልጥላ በረንዳው ላይ መንገድ ዘግታባቸዋለች፤ የሟቹ ውሻ ጃኖ ታሞ ከደረጃው ሥር ተጋድሟል።

ደምለው፦ አልነካም አልኩሽ! እኔ ቆራቢ ሰው ነኝ። በውሻ ለሃጭ የተለወሰ እጅ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልቁም?

ማስተዋል፦ ጓንት አለ አባባ። ጓንቱን ያጠልቃሉ፣ ክኒኑን ዳቦው ውስጥ ይከቱታል፣ ይወረውሩለታል። ለሃጩ አይነካዎትም።

ደምለው፦ ዳቦው ደግሞ ቅቤ የጠገበ። በፍልሰታ!

ማስተዋል፦ ጾሙ የእርስዎ ነው እንጂ የጃኖ አይደለም።

ደምለው፦ ለመመለስማ ምላስሽ መች ያንሳል። እስከ ትናንት የምትሰጪው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ እጅሽ ምን ሆነ?

ማስተዋል፦ እጄ ምንም አልሆነም።

ደምለው፦ እንግዲያስ ስጪው።

ማስተዋል፦ አልችልም።

ደምለው፦ «አልችልም» እና «አልፈልግም» መንትዮች ናቸው፤ የሚለያቸው የወለዳቸው ብቻ ነው። እስቲ ግልጡን ንገሪኝ። ያ ወንድምሽ ከቢቸና የመጣው ሊወስድሽ አይደለም?

ማስተዋል፦ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው።

ደምለው፦ «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ያስቀምጥሻል?» ሲልሽ ሰምቻለሁ። እግሬ እንጂ ጆሮዬ አላረጀም። መሄዱ መብትሽ ነው፣ አልይዝሽም። ግን ውሻውን ገድለሽብኝ አትሂጂ። ከይበልጣል የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ማስተዋል፦ እሱ ብቻ አይደለም።

ደምለው፦ ሌላ ምን አለኝ? ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁ። መኪናው አባይ በረሃ ገደል ውስጥ ቀርቷል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከእኔ ጋር ብድግ የሚለው ይኸ ውሻ ነው። ዛሬም እኮ ይጠብቀዋል!

ማስተዋል፦ እኔስ አልጠብቀውም?

ደምለው፦ ታዲያ ውሻው ምን አደረገሽ?

ማስተዋል፦ ክኒኑ የካንሰር ነው አባባ። የሚያድግ ነገር ሲያገኝ ነው የሚያጠፋው። ጠዋት የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንዳልነካው፣ እንዳልሰባብረው፣ ትውከቱንና ሽንቱን እንዳልጠርግ አጥብቃ ነገረችኝ።

ደምለው፦ ለውሻ መድኃኒት የሆነ ለሰው መርዝ ይሆናል?

ማስተዋል፦ ማንም ሰው በባዶ እጁ አይነካውም። እኔ ግን በጓንትም ቢሆን ብተወው ይሻላል አለች።

ደምለው፦ አንቺ ከምን ተሠርተሽ ነው? ከሸክላ?

ማስተዋል፦ አባባ፣ ለምን የሚለውን ቢተዉትስ? ዝም ብለው ቢሰጡትስ? ይኸው እግርዎ ላይ ወደቅሁ።

ደምለው፦ ተነሺ! ተነሺ እንጂ፣ ጭቃ ነው! ምን ሆነሻል? ጠዋት ጠዋት ጓሮ ስታስመልሺ እሰማሻለሁ። ኀዘኑ ነው ሆዷን የገለበጠው ብዬ ዝም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ማስተዋል።

ማስተዋል፦ በሽታ አይደለም።

ደምለው፦ በሽታ ካልሆነ ምን ሊሆን... አንቺ! ነፍሰ...

ማስተዋል፦ አይጥሩት! ስሙን አይጥሩት በእመቤቴ! ሁለቱንም ያጣሁት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ለእርስዎ ነገርኩ፤ እርስዎ ለማኅበርተኛ ነገሩ፤ እልል ተባለ፤ እልልታው ሳይበርድ ወረደብኝ። ሁለተኛውን ለእናቴ ብቻ ነገርኩ፤ እሱም አልቆየ። ይኸኛውን ለይበልጣል እንኳ አልነገርኩትም። ትንሽ ይጽና ብዬ ስጠብቅ እሱ ሄደ።

ደምለው፦ ሳያውቅ?

ማስተዋል፦ ሳያውቅ።

ደምለው፦ ቆይ... ቆይ እስቲ ልቀመጥ። ጃኖ ያንን ክኒን ሲተፋው «ፍጪና በወተት አጠጪው» ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?

ማስተዋል፦ እርስዎ በምን አውቀው? እኔም አላወቅሁ።

ደምለው፦ በምን ነበር የምትፈጪው?

ማስተዋል፦ በሙቀጫ። በባዶ እጄ። ዱቄቱ ቡን ሲል አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ሲያስመልሰውም በእጄ ነበር የምጠርገው። በዚያው እጄ እህል የቀመስኩበት ቀን አለ አባባ። ሐኪሟ ሁኔታዬን አይታ ራሷ ጠርጥራ ስትነግረኝ ጣቶቼን ቆርጬ ብጥላቸው ደስ ባለኝ።

ደምለው፦ ምን አለችሽ? ተጎድቷል አለች?

ማስተዋል፦ ተጎድቷል አላለችም። አልተጎዳም አላለችም። «እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ዛሬውኑ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ብዙዎቹ ደህና ይሆናሉና ቀድመሽ አትሙቺ» ነው ያለችኝ።

ደምለው፦ ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?

ማስተዋል፦ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ደምለው፦ ለምን?

ማስተዋል፦ እስካልታየ ድረስ አለ። ሆዴ ውስጥ አለ። ሐኪሞቹ ያንን መሣሪያ ሆዴ ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አዙረው እርስ በርስ ሲተያዩስ? ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ እኮ ያንን መተያየት! ለሦስተኛ ጊዜ ያንን ካየሁ አበቃልኝ።

ደምለው፦ ይኸን ውሻ ዛሬውኑ አስወግደዋለሁ። አስገድለዋለሁ!

ማስተዋል፦ አይሆንም!

ደምለው፦ የልጄን ዘር በውሻ ልለውጥ?

ማስተዋል፦ ውሻው ምን አጠፋ? እኛ ያጎረስነውን ዋጠ። ዕባጩ ሲጎድል በዓይንዎ አይተዋል፤ ሊድን ነው። ይበልጣል የሞተ ሰሞን እህል አልቀምስ ብሎ ከእኛ እኩል ሐዘን የተቀመጠ ፍጥረት ነው። እኔ እጅ ለመንኩዎት እንጂ ገመድ አልለመንኩዎትም!

ደምለው፦ ጓንቱን ወዲህ በይ።

ማስተዋል፦ ቅዳሴውስ?

ደምለው፦ ጾሙ የእመቤታችን ነው፤ እሷም እናት ናት፤ ይገባታል። እኔ ነኝ ያልገባኝ። ይኸ ምንድን ነው፣ የሕፃን ነው እንዴ? ጣቴ አልገባ አለ።

ማስተዋል፦ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ከተቀደደ ሌላ ይለውጡ። ክኒኑን አይስበሩት። ከማሸጊያው በቀጥታ ዳቦው ላይ ይጣሉት።

ደምለው፦ አንቺ ራቂ! ከዚያም ወዲያ! በሩ ጋ ቁሚ። ጃኖ፣ ና። ና የኔ ጌታ። እንካ።

ማስተዋል፦ ተፋው።

ደምለው፦ አይቻለሁ! አትቅረቢ አልኩሽ! ጃኖ፣ አታስለቅሰኝ። ዋጥ አድርገው። ይበልጣል ይሙት ዋጥ አድ...

ማስተዋል፦ አባባ...

ደምለው፦ አፌ ለምዶብኝ ነው። አፌ አልሰማም እኮ መሞቱን።

ማስተዋል፦ አያልቅሱ። ይዩት፣ ይዩት! እየዋጠ ነው።

ደምለው፦ ዋጠ? ዋጠ! ተመስገን። አሁን ይኸን ጓንት ምን ላድርገው?

ማስተዋል፦ ገልብጠው ያውልቁት፣ ፌስታሉ ውስጥ አስረው ለብቻ ይጣሉት። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ደህና አድርገው ይታጠቡ።

ደምለው፦ ከእንግዲህ ክኒኑም፣ ትውከቱም፣ ሽንቱም የእኔ ነው። ሙቀጫው ከቤት ይውጣ፤ መድኃኒቱም ከወጥ ቤት ወጥቶ እኔ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። አሁን ማሸጊያውን ያዢና ተነሺ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

ማስተዋል፦ የሆስፒታሉን በር ብቻዬን አላልፈውም።

ደምለው፦ በእኔ ተደገፊ።

ማስተዋል፦ «የለም» ካሉኝስ? ከዚያ በኋላ ምንዎ ነኝ ብዬ እዚህ ቤት እመለሳለሁ?

ደምለው፦ ነጠላሽን ደርቢ፣ ዝናቡ እየጠነከረ ነው። ሐኪሙ «ምኗ ነዎት?» ካለኝ አባቷ ነኝ ልለው ነው፤ ሕፃኑ ኖረም አልኖረም ቃሌን አልለውጥም፣ አንቺም እዚያ ሰው ፊት ውሸታም እንዳታደርጊኝ።