የታጣው ቀዳዳ

ያገኘሁትን ጋዜጣ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ስለ ባዮጋዝ የማላውቀው የለም። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ ከሞላሌ የተሳፈረ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡ ሴትዮ ሲያወራ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«እትዬ፣ ሞላሌ ለአንዲት ሴትዮ የሠራሁላት ባዮጋዝ ያፈሳል። ጋዙ ሌሊት ያልቅና ጠዋት ምድጃው አይነድም።»

«ቀዳዳውን አልፈለግህም?»

«ቧንቧውን ሁሉ ሳሙና ቀባሁት። የሚያፈስ ቢሆን አረፋ ያወጣ ነበር። አሁን ደብረ ብርሃን የምሄደው ሥራውን ልለቅ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞር አሉ።

«እኔም ቤት ባዮጋዝ አለ። የኔንም ባለሙያው ፈልጎ አጣው።»

«ከየት ነበር የሚያፈሰው?»

«ከየትም። ማታ ማታ እኔው ቧንቧውን በደጅ በኩል ከፍቼ ጋዙን እለቀው ነበር።»

«እሳት ቢነሳስ፣ እትዬ?»

«እሱንም እፈራለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይለቁታል?»

«ከእበቱ ጋር ሽንት ቤቱም እዚያው ይገባል አይደል? የማኅበር ተራዬ ሲደርስ በዚያ እሳት የሠራሁትን ወጥ የነካልኝ የለም። የነፍስ አባቴም አልቀመሱት።»

«ለባለሙያው ቢነግሩትስ?»

«የኩበት ጭስ ዓይኔን እንዳያጠፋው ብሎ የለፋልኝን ልጅ፣ ሥራህን ተጸየፉት ልበለው? አፈርኩና ያፈሳል አልኩት።»

«እሱስ?»

«እንዳንተ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።»

«የሞላሌዋም ሴትዮ ሳሙናውን ስቀባ ቀና ብላ አላየችኝም።»

«እንግዲያው ሥራህን አትልቀቅ፣ ልጄ።»

በየማኅበሩ ስለ ባዮጋዝ ተናግሬ የማልጠግበው እኔ፣ ይህን በየትኛውም ጋዜጣ አላነበብኩምና ደብረ ብርሃን እስክንገባ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የገብሱን ማሳ ሳይ ቆየሁ።